ዕቅዱ 60 ገጽ ነው፤ የሚፈርም ግን የለም

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የዕቅድ ባለሙያ ነኝ። ቢሯችን ከሐይቁ ብዙ አይርቅም። ባለፈው ክረምት ሌሊቱን ሲጥል ያደረ ዝናብ ምድር ቤቱን አጥለቀለቀውና መዝገብ ቤታችን ራሰ። ኃላፊያችን ለስብሰባ አዲስ አበባ ነበሩ፤ ስልካቸው አልሠራም። ምክትላቸው ‹ያለ እሳቸው ፊርማ ወጪ አላደርግም› አሉ። 13 አባላት ያሉት ግብረ ኃይል ተቋቁሞ ሁለት ቀን ተሰበሰበ። ፋይሎቹ ሻገቱ። አሁን የቀውስ ዝግጁነት ዕቅድ አዘጋጅ ተብያለሁ። ከሌላ መሥሪያ ቤት ያገኘሁት ባለ 60 ገጽ ዕቅድ አለ። ስሙን ቀይሬ ባስገባውስ? ደግሞስ ይህ የአደጋ መከላከል ሥራ አይደለም? በጀትም ሥልጠናም የለንም።»

ምላሽ፦ አይቅዱት። የመሥሪያ ቤታችሁን ችግር እርስዎ ራስዎ በጥቂት መስመር ጽፈውታል፤ በ60 ገጹ ውስጥ ግን አያገኙትም። እንዲህ ያሉ ሰነዶች ስለ ድርቅ፣ ስለ እሳት፣ ስለ ወረርሽኝ በየምዕራፉ ያትታሉ። ኃላፊው በሌሉበት ሌሊት ምክትሉ ስንት ብር ድረስ ማውጣት እንደሚችሉ ግን አይናገሩም። ውሃው በአንድ ሌሊት ገብቶ አበቃ። ሁለቱን ቀን የበላው ፊርማ ነው። ሥልጣን ያለው ሰው አልተገኘም፤ የተገኘው ሰው ሥልጣን አልነበረውም። ዕቅድዎ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

በመጀመሪያ «ይህ የአደጋ መከላከል ሥራ ነው» የሚለውን እናስተካክል። በ2005 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የአደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ፖሊሲ ኃላፊነቱን ለየዘርፉ አከፋፍሎታል። ወረርሽኝን ጤና፣ ጎርፍን ውሃ፣ የሰብልና የእንስሳትን ጉዳይ ግብርና ይመራል። አደጋ መከላከል ብለን የምንጠራው ተቋም ያስተባብራል። በ1998 ክረምት ፎገራና ሊቦ ከምከም በጎርፍ ሲጥለቀለቁ እንደሆነው፣ ሕዝብ ሲፈናቀል ድንኳንና እህል ይዞ ይደርሳል። የእናንተን መዝገብ ቤት ሊያደርቅ ግን አይመጣም፤ ሥራውም አይደለም። ከዚያ ሁሉ የሚብሰው ደግሞ ሌላ ነው። ከተማው ሲቸገር ሕዝቡ ወደ እናንተ ነው የሚመጣው። ቤቱ ውሃ የገባበት ሰው መታወቂያው፣ ካርታው፣ ደብተሩ ጠፍቶበት በራችሁ ላይ ይቆማል። የእናንተ አገልግሎት በጣም የሚፈለገው እናንተም በተጎዳችሁበት ሳምንት ነው።

ሁለተኛው ስህተት የአደጋ ዓይነቶችን መደርደር ነው። ዝርዝሩ በረዘመ ቁጥር ዕቅዱ የጠነከረ ይመስላል። ነገር ግን የመሥሪያ ቤቱን ሥራ የሚያቆመው የአደጋው ስም አይደለም፤ ያሳጣችሁ ነገር ነው። ሕንጻውን ልታጡ ትችላላችሁ። ሠራተኛው ላይመጣ ይችላል። መብራት፣ ኔትወርክ ወይም ሲስተም ሊጠፋ ይችላል። ፋይል ሊጠፋ ይችላል። የባለጉዳይ አመኔታም አለ። በመጋቢት 2012 ኮሮና አገር ውስጥ ሲገባ ሕንጻዎቻችን ደህና ነበሩ፤ የጎደለው ሰው ነበር። የእናንተ ሌሊት ደግሞ ሰው ነበረ፤ የጎደለው ፋይልና ምድር ቤት ነው። ለእያንዳንዱ እጦት አንድ ገጽ ይበቃል። «ምድር ቤቱን ለሁለት ሳምንት ብናጣ የትኛውን አገልግሎት፣ የት ሆነን፣ በማን እንሰጣለን?» ለሚለው መልስ ካላችሁ፣ ምክንያቱ ጎርፍ ይሁን እሳት ብዙ አያስጨንቃችሁም።

ሁሉንም አገልግሎት እናስቀጥላለን ብለው ግን አይጻፉ። ውሸት ይሆናል። ለአንድ ቀን እንኳ መቆም የሌለባቸውን ሁለት ወይም ሦስት አገልግሎቶች ይለዩ። የቀረው ሳምንት ይጠብቅ። የየክፍሉ አስተባባሪ «የእኔ ክፍል ሥራ ዋና ነው» ማለቱ አይቀርም። «ቢቆም ማን፣ በስንተኛው ቀን ይጎዳል?» ብለው ይጠይቁት። ብዙው ክርክር እዚያ ላይ ያልቃል።

ስለ ጎርፉ አንድ ነገር ልጨምር፤ ምክንያቱን ካልለየን መፍትሔውን እንስታለን። ቢሯችሁ ለሐይቁ ቅርብ ስለሆነ ጣና ላይ ማሳበብ ይቀላል። ጣና ግን በአንድ ሌሊት ዘሎ ቢሮ አይገባም። ሰፊና ብዙም ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነው፤ ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ክረምቱን ሙሉ ሲያፈስሱበት ቀስ ብሎ ይሞላል። ከፍታው ጫፍ የሚደርሰውም ዝናቡ ከበረታበት ወቅት ዘግይቶ፣ በመስከረምና ከዚያም በኋላ ነው። ዳርቻው ሜዳ ስለሆነ ትንሽ ከፍታ ብዙ መሬት ይሸፍናል፤ ወደ ሐይቁ የሚወርደውም ውሃ መውጫ ይቸገራል። ስለዚህ ለሐይቅ ዳር ቢሮ «ነሐሴ አለፈ፣ ተገላገልን» ማለት ገና ነው። በአንድ ሌሊት ዝናብ ምድር ቤት የሞላ ውሃ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከተደፈነ ቦይ ነው። ፌስታልና ሃይላንድ የዘጋው ቱቦ ነው ጠላታችሁ። ያንን ግንቦት ላይ አስጠርጎ ደጁን አንዴ ዞሮ ማየት ከ60 ገጹ ሁሉ ይበልጣል።

አሁን ወደ በጀቱ። «በጀት የለንም» ሲሉ ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሹ የቀን መቁጠሪያ ጉዳይ ነው። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያልቃል። ሰኔን የሚያውቅ ያውቀዋል። ሂሳብ ይዘጋል፣ ግዥ ይቆማል፣ ፋይናንስ በር ላይ ሰልፍ ነው። ሐምሌ ሲገባ ደግሞ አዲሱ በጀት ጸድቆ፣ ተደልድሎ፣ ሲስተም ላይ ገብቶ እስኪለቀቅ ይጠበቃል። ዝናቡ የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ማለትም ገንዘብ ማውጣት በጣም የሚከብድበት ወቅትና ውሃው የሚመጣበት ወቅት አንድ ላይ ይወድቃሉ። ይህን አንስቶ የሚያቅድ መሥሪያ ቤት እምብዛም አላየሁም። ሁሉም «አስቸኳይ በጀት ይፈቀድ» ብሎ ሐምሌ ላይ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ደብዳቤው መስከረም ላይ መልስ ያገኛል።

የሚያስፈልጋችሁ ዕቃ ደግሞ ውድ አይደለም። የፕላስቲክ ሸራ፣ የእጅ ባትሪ፣ ቦት ጫማ፣ ጓንት፣ መደርደሪያውን ከወለሉ ከፍ የሚያደርግ የእንጨት መደላድል። አብዛኛው ከአላቂ ዕቃ በጀት ይወጣል። እስከ ግንቦት መጨረሻ ተገዝቶ ይግባ። ከዚያም በሞዴል 22፣ በንብረት ወጪ ማድረጊያ ቅጹ፣ ወጪ ሆኖ በጥበቃ እጅ ይሁን። ንብረት ክፍል ተቆልፎበት ያለ ሸራ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የለም ማለት ነው። የውሃ መሳቢያ ሞተር መግዛት አያስፈልግም፤ ሞተር ካለው ጎረቤት መሥሪያ ቤት ጋር አሁን ደብዳቤ ተጻጻፉ። «በተቸገርን ጊዜ ትሰጡናላችሁ» የሚል የቃል ስምምነት የሰውየው ዝውውር በመጣ ቀን ይሞታል።

አስቸኳይ ግዥን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ። የግዥ ሕጋችን በአስቸኳይ ሁኔታ ከአንድ አቅራቢ በቀጥታ ለመግዛት በር ይከፍታል። በሩ ግን ጠባብ ነው። የክልላችሁን መመሪያ ከግዥ ባለሙያችሁ ጋር ዛሬውኑ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት፤ የሚመለከተውን አንቀጽ ቁጥርም ዕቅዱ ላይ ጻፉት። በየዓመቱ የሚመጣን ክረምት «ድንገተኛ ነበር» ማለት ለኦዲተር አስቸጋሪ ወሬ ነው።

ዋናው ነገር ውክልናው ነው። የምክትል ኃላፊውን ፍርሃት አልነቅፍም። ያን ሌሊት 20 ሺህ ብር አውጥተው ቢሆን ከስምንት ወር በኋላ ኦዲተር መጥቶ «በማን ፈቃድ?» ይላቸዋል። ያኔ ስለ ዝናቡ የሚያስታውስ ሰው አይኖርም። ወረቀት የሌለው ሰው ዝም ብሎ መቆሙ የሚጠበቅ ነው። ስለዚህ ወረቀቱን አስቀድመን እንስጠው። ኃላፊው አሁን፣ በሰላሙ ጊዜ፣ አንድ ገጽ የውክልና ደብዳቤ ይፈርሙ። ውክልናው ለሥራ መደብ እንጂ ለሰው ስም አይሰጥ፤ ሰው ይቀያየራል። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ተብሎ በቅደም ተከተል ይጻፍ። ሦስተኛው ሰው የግድ ለቢሮው ቅርብ የሚኖር ይሁን። መቼ እንደሚሠራም ይባል፦ ለምሳሌ ኃላፊው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተደውሎላቸው ካልተገኙ ውክልናው ራሱ ይጀምራል፤ ሌላ ማንም አይጠየቅም።

ደብዳቤው የሚፈቅደውንና የሚከለክለውን ለይቶ ይዘርዝር። ሕንጻ ማስከፈት፣ ሠራተኛ ወደ ቤት መላክ፣ ንብረትና ፋይል ማዛወር፣ አገልግሎትን ለጊዜው ማቆም፣ እስከተወሰነ ብር ድረስ ወጪ ማድረግ፣ ለሕዝብ ማስታወቂያ ማውጣት ይፈቀድ። የወጪውን ጣሪያ ከፋይናንስ ኃላፊው ጋር ተማከሩበት፤ በፑል፣ ማለትም የብዙ መሥሪያ ቤቶችን ሂሳብ በአንድ ላይ በሚይዝ የፋይናንስ ክፍል፣ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ የፑሉ ኃላፊ ግልባጩን ፈርሞ ይቀበል። ቅጥር፣ የረጅም ጊዜ ውል፣ ንብረት ማስወገድ ክልክል ይሁን። ማኅተሙ የት እንዳለና ሁለተኛው ቁልፍ በማን እጅ እንደሆነም ይጻፍ። ቀላል ነገር ይመስላል። ማኅተም የቆለፈበት ሰው ለቅሶ ሄዶ አንድ መሥሪያ ቤት ቀኑን ሙሉ ሲቆም ማየት ግን ለእኛ አገር ሰው አዲስ አይደለም።

ከደብዳቤው ጎን አንድ ባለ መስመር ደብተር ይኑር። በቀውሱ ሰዓት የተወሰነ ነገር ሁሉ እዚያ ይሰፍራል፦ ሰዓቱ፣ ውሳኔው፣ የወሰነው ሰው፣ ምክንያቱ፣ ፊርማው። ቃለ ጉባኤ በኋላ ተስተካክሎ ሊጻፍ ይችላል፤ በሰዓቱ የተጻፈ መስመር ግን ወሳኙን ሰው ከኦዲትም ከሐሜትም ይጠብቀዋል።

13 አባላት ያሉትን ግብረ ኃይል አፍርሱት። 13 ሰው እስኪሟላ ውሃው አይጠብቅም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ በካሊፎርኒያ ከደረሰው ከባድ የደን ቃጠሎ በኋላ፣ ብዙ አገር የሚጠቀምበት የድንገተኛ ምላሽ አመራር ሥርዓት ተዘጋጀ። መነሻው የመኪናና የሰው እጥረት ብቻ አልነበረም። ማን ማንን እንደሚያዝ አለመታወቁ፣ መሥሪያ ቤቶች በየራሳቸው ቋንቋ መነጋገራቸው፣ አንድ አለቃ ከአቅሙ በላይ ሰው መያዙ ነበር። የተደረሰበት ልክ አንድ ሰው በቀጥታ የሚመራው ከሦስት እስከ ሰባት ሰው ነው። ለእናንተ አምስት ይበቃል። አንዱ ይወስናል። አንዱ መረጃ ይሰበስባል፣ ደብተሩንም ይይዛል። አንዱ ዕቃና ገንዘብ ያቀርባል። አንዱ የሠራተኛውን ደህንነት ይከታተላል። አንዱ ከውጭ ጋር ይነጋገራል። ለእያንዳንዱ ተተኪ ይኑረው። የቀሩት ሥራ አስኪያጆች ቅር ይላቸዋል፤ ይበላቸው፣ በማግስቱ ሪፖርት ይደርሳቸዋል።

መገናኛው ላይ ቴሌግራም ግሩፕ አለን ብለው እንዳይተማመኑ። በአማራ ክልል ከሐምሌ መጨረሻ 2015 ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ባሕር ዳር ላለ ሰው አልነግረውም። የስልክ ቁጥር በወረቀት ይታተም፤ ጥበቃ ክፍልም ይለጠፍ። አንድ ሰው ለአራት ሰው፣ እነዚያም እያንዳንዳቸው ለአራት ሰው የሚደውሉበት ቅብብል ይዘርጋ። ስልክም ከጠፋስ? ለዚያ አስቀድሞ የተቆረጠ ደንብ ያስፈልጋል፦ «ግንኙነት ከተቋረጠና መንገዱ ሰላም ከሆነ አምስቱ ሰዎች 3 ሰዓት ላይ እዚህ ቦታ ይገናኛሉ፤ ካልሆነ ማንም ከቤቱ አይወጣም።» አምስቱን ስትመርጡ መኖሪያቸውን እዩ። አምስቱም አባይ ማዶ የሚኖሩ ከሆነና ቢሮው ከተማ መሀል ከሆነ፣ በግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ ድልድይ የተዘጋ ዕለት ቡድን የላችሁም። ሁለት እዚህ፣ ሦስት እዚያ ይሁኑ።

ለሕዝብ የሚነገረው ነገር አጭር ነው። የምታውቁትን ንገሩ። ያላወቃችሁትን «ገና አላረጋገጥንም» በሉ። ቀጥሎ መቼ እንደምትናገሩ ሰዓቱን ስጡ፤ አዲስ ነገር ባይኖርም በሰዓቱ ተናገሩ። «ሁሉም በቁጥጥር ሥር ነው» የሚለውን ሐረግ ጣሉት፤ ውሃ ሲቀዳ ያየ ባለጉዳይ ይስቅበታል። ኢንተርኔት በሌለበት በር ላይ የሚለጠፍ ወረቀት፣ የባሕር ዳር ኤፍ ኤም ሬዲዮ፣ የእድር ዳኞች፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ አሉ። የእድር ጥሩምባ ከየትኛውም ፌስቡክ ገጽ በፊት ሰፈሩን ያዳርሳል።

ስለ ፋይሎቹ ደግሞ፦ የራሰ ወረቀት ሻጋታ ለመያዝ ሁለት ቀን ገደማ ይበቃዋል። የእናንተ ግብረ ኃይል የተሰበሰበው ልክ በዚያች ጊዜ ነው። ፀሐይ ላይ አታስጡ፤ ይኮማተራል፣ ቀለሙም ይሸሻል። የተጣበቁ ገጾችን በኃይል አትላቅቁ። ጥላ ባለበት፣ ንፋስ በሚገባበት ክፍል በቬንትሌተር ያድርቁት፤ በገጾቹ መሀል ንጹሕ ወረቀት እየቀያየራችሁ አስገቡ። ከሁለት ቀን በላይ የሚወስድ ብዛት ካለ በላስቲክ ጠቅልሎ ፍሪዘር ውስጥ ማስገባት ጊዜ ይገዛል፤ በኋላ ቀስ ተብሎ ይደርቃል። ከሁሉ በፊት ግን መዝገብ ቤቱ ከምድር ቤት ይውጣ። ካልተቻለ የታችኛው መደርደሪያ ባዶ ይሁን፤ ዋና ዋናዎቹ ፋይሎችም ስካን ተደርገው ግልባጩ ሌላ ሕንጻ ይቀመጥ። ሰርቨሩ ያለበት ክፍል የተቀመጠ ግልባጭ ዋጋ የለውም። በየሦስት ወሩ ከግልባጩ አንድ ፋይል አውጥታችሁ መከፈቱን እዩ።

የዚህ ሁሉ ልክም አለ። የመሥሪያ ቤት የቀውስ ዕቅድ የጸጥታ ዕቅድ አይደለም። ተኩስ ባለበት ፋይል ለማዳን ማንም አይላክ፤ ይህ በውክልና ደብዳቤው ላይ በግልጽ ይጻፍ። ኤሌክትሪክ ያልተቆረጠበት ውሃ የሞላ ክፍል ውስጥም ማንም አይግባ። ሐምሌ 2016 ጎፋ ዞን ላይ በደረሰው የመሬት ናዳ ከ200 በላይ ሰው ሞቷል፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ቀድሞ የተቀበሩትን ለማውጣት ሲቆፍሩ ሁለተኛው ናዳ የደረሰባቸው ናቸው። የአካባቢው ባለሥልጣንም ከነሱ መሀል ነበሩ። ወደ አደጋ ቦታ ከመሮጥ በፊት ቆሞ ማየት፣ የሚገባውን ሰው መቁጠርና አንድ ሰው ውጭ ማስቀረት በምንም ችኮላ አይታለፍ።

ሥልጠናውን አትጠብቁ። ግንቦት ላይ ግማሽ ቀን ውሰዱ። ኃላፊው ስልካቸውን ዘግተው ከክፍሉ ይውጡ። ጥበቃው «ምድር ቤት ውሃ ገብቷል» ብሎ ይደውል። ቁልፉ ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀ፣ ማን ማንን እንደጠበቀ ደብተሩ ላይ ይጻፍ። አዳራሽም አበልም አይፈልግም። ከእውነተኛ ቀውስ በኋላም እንዲሁ በሳምንቱ ቁጭ በሉ። ይህ ውይይት ግን ከግምገማ ይለይ። ግምገማ ማለት እኛ አገር ማን ይነሳ ማለት ነው፤ ሰው እንደዚያ ከመሰለው ስህተቱን ይደብቃል፣ እናንተም ለቀጣዩ ክረምት የውሸት መረጃ ይዛችሁ ትገባላችሁ። «የቱ ጋ ዘገየን?» ይጠየቅ፤ ስም አይነሳ። ጥፋት ካለ በዲሲፕሊን ሕጉ በሌላ ቀን፣ በሌላ ክፍል ይታይ።

እንግዲህ የምመክረው ይህ ነው። ለኃላፊዎ ስድስት ወይም ሰባት ገጽ ያቅርቡ፦ አንድ ገጽ ውክልና፣ አንድ ገጽ የማይቆሙ አገልግሎቶች፣ ለየእጦቱ አንድ አንድ ገጽ፣ ከጀርባው የስልክ ዝርዝር። የበላይ አካል ወፍራም ሰነድ ከጠየቀ ባለ 60 ገጹን በአባሪ ይላኩለት፤ አይከፋውም። ጊዜ ካጠረ ግን ሌላውን ሁሉ ትተው ውክልናውን ብቻ ያስፈርሙ። ኃላፊዎ «ሥልጣኔን አሳልፌ አልሰጥም» ካሉ አይከራከሩ። ያለፈውን ክረምት ጉዳት፣ የጠፋውን ፋይል ብዛትና የዘገየውን ሰዓት በአንድ ማስታወሻ ጽፈው፣ ጣሪያውን ዝቅ አድርገው ደግመው ያቅርቡ፤ 5 ሺህ ብርና የሕንጻው ቁልፍ ብቻ ቢፈቅዱም ይቀበሉ። እንቢ ካሉም ማስታወሻው በመዝገብ ቤት ቁጥር ተሰጥቶት ገቢ ይሁን፤ ቀሪ ቅጂውን ፋይልዎ ውስጥ ያስቀምጡ።